ሲነኩት የሚነቃው ፕሮግራም

ስልኬ ሲጮህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። የማታ ተረኛዋ ባልደረባዬ ናት። «እንደገና ቆመ» አለችኝ። «ሞቷል?» አልኳት። «አልሞተም። ተኝቷል።»

የሞተ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። የሞተ ፕሮግራም አስከሬን ይተዋል፤ የወደቀበት መስመር ተጽፎ ይቀራል፣ ከዚያ ተነሥቶ መመርመር ይቻላል። የተኛ ግን ምንም አይተውም። ፕሮሰሰር አይፈጅም፣ ሜሞሪው አልጨመረም፣ ስህተት አልመዘገበም። በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ዝርዝር ላይ ከስሙ አጠገብ መተኛቱን የምትናገር አንዲት ፊደል አለች፤ በቃ። መልእክቶች ግን ከበሩ ላይ ቆመዋል።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ወገን መልእክት ተቀብሎ፣ መርምሮ ለሌላው ወገን የሚያሳልፍ ነገር ነው። አንዱ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሮጥ የሥራ ክር) ይቀበላል፣ ሌላው ይሠራል፤ ተቀባዩ የሠራተኛው መልስ እስኪመጣ ድረስ ሌላ መልእክት አያነሣም። ቀን ላይ በደቂቃ ብዙ መልእክት ሲያልፍበት አንድም ቀን ተሰናክሎ አያውቅም። ጭር ሲል ነው የሚተኛው፤ ያውም በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ።

ያን ሌሊት ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሰርቨሩ ላይ ገባሁ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ለማየት ኤስትሬስ የሚባለውን መከታተያ መሣሪያ ፕሮግራሙ ላይ አሠራሁት። ኤስትሬስ ፕሮግራም አይጠግንም፤ ፕሮግራሙ ከከርነሉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሚያስተዳድረው የስርዓተ ክወና እምብርት፣ ጋር የሚነጋገረውን ቆሞ ያዳምጣል እንጂ። መሣሪያው ገና ከመንካቱ ፕሮግራሙ ነቃ። የተከማቹት መልእክቶች በሙሉ እያየኋቸው ሄዱ።

ባልደረባዬ በስልክ «ጎበዝ! ምን አደረግህ?» አለችኝ። ምንም አላደረግሁም። ነካሁት ብቻ።

በማግሥቱ በየ10 ደቂቃው ፕሮግራሙን ለቅጽበት አስቁሞ መልሶ የሚለቅ አጭር ስክሪፕት ጻፈች። «ቀስቅስ» ብላ ሰየመችው። ሠራ። አለቃችንም ጉዳዩ ተዘጋ አሉ። ከእኔ ራስ ግን አልወጣም። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይነቃም ይባላል፤ ይህ ግን ገና ጣት ሳይበዛበት ነቃ። እንግዲያው አውቆ አልተኛም። የሚነቃበት ምክንያት ከመነካቱ በፊትም ነበረ ማለት ነው፤ የነገረው ሰው ነው የጠፋው።

ጀሪካኑን ሳታስቀምጥ

ያደግሁበት ሰፈር ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ነበር። ውሃው የሚመጣበት ሰዓት ስለማይታወቅ ሰው ቆሞ አይውልም፤ የሚሰለፈው ጀሪካን ነው። እናቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቢጫውን ጀሪካናችንን፣ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን፣ ሰልፉ ላይ አስቀምጣ ተመልሳ ጋደም ትላለች። ውሃው ሲመጣ የቦኖዋ ሴትዮ ምልክቱን አይታ «ባለ ቀይ ጨርቋን ጥሯት» ብላ ልጅ ትልካለች።

የስርዓተ ክወና ከርነል ትሬዶችን የሚያስተኛው ከዚህ ብዙም በማይርቅ መንገድ ነው። ዲስኩ እስኪመልስ፣ ከኔትወርኩ መረጃ እስኪመጣ፣ ወይም ሌላው የያዘው ቁልፍ (አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ ማገጃ) እስኪለቀቅ የሚጠብቅ ትሬድ ፕሮሰሰሩ ላይ ቆሞ «መጣ? መጣ?» እያለ አይጠይቅም። ምልክቱን ወረፋ ላይ ያስቀምጣል፣ «ተኝቻለሁ» ብሎ ያስመዘግባል፣ ፕሮሰሰሩን ለሌላ ይለቃል። ያን ጊዜ ስለዚህ ዓለም የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያነሣው ከሌለ እስከ ምጽአት ይተኛል።

አንድ ቀን እናቴ ታማ ወደ ቦኖው እኔ ተላክሁ። ብልጥ ነኝ ብዬ ጀሪካኑን ሳልይዝ ሄድሁ፤ መጀመሪያ አይቼ ውሃ ከሌለ ነው ጀሪካኑን የማመጣው። አየሁ፤ የለም። ቤት ተመልሼ ጀሪካኑን ይዤ ስመጣ፣ መንገድ ላይ ከጓደኛ ጋር ትንሽ ቆም ብዬ፣ ሰልፉ የለም። መሬቱ እርጥብ ነው። ውሃው መጥቶ ነበር፤ ሴትዮዋ ሰልፉ ላይ ያሉትን በየተራ ጠርታ፣ ቀድታላቸው፣ ቆልፋ ሄዳለች። እኔ ግን እርጥቡን መሬት ሳላስተውል ጀሪካኔን ባዶው ሜዳ ላይ አስቀምጬ፣ ሲመጣ ይጠሩኛል ብዬ ቤቴ ገባሁ። እስከ ማታ የጠራን የለም።

እናቴ አልተቆጣችም። «ጀሪካኑን ሳታስቀምጥ ምን ልታይ ሄድህ?» ብቻ ነው ያለችው።

ይህን የሚያህል ጥያቄ በኋላም ያነበብኩት ከስንት ገጽ ማብራሪያ በኋላ ነው። በሙያው «የጠፋ ማንቂያ» የሚሉት ችግር ይኸው ነው። ትሬዱ ያያል፣ የሚጠብቀው ነገር የለም። ሊተኛ ይነሣል። በማየትና በመመዝገብ መካከል ባለችው ቅጽበት ነገሩ ይመጣል፤ ቀስቃሹ ወረፋውን ያያል፣ ማንም የለም፣ ጥሪውን አየር ላይ ለቆ ይሄዳል። ከዚያ ትሬዱ ይመዘገብና ይተኛል። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። ቅደም ተከተሉ ነው የበላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የዩኒክስ ስርዓተ ክወና 6ኛ እትም ይህን የያዘበት መንገድ ቀጥተኛነቱ ያስቃል። ለመተኛት የሚፈልግ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው ነገር ሜሞሪ ውስጥ ያለበት አድራሻ ነው። ያ ቁጥር በፕሮሰሱ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ቀስቃሹ ሲመጣ የፕሮሰሶቹን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች እያየ ያንን ቁጥር የያዘውን ሁሉ ያስነሣል። ወረፋ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ሠንጠረዡ 50 ቦታ ብቻ ስለነበረው ማንም አልተቸገረም። የጠፋ ማንቂያውንም ቢሆን በቀላሉ ነው ያለፉት፤ ማሽኑ አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ስላለው፣ ለመተኛት በሚዘጋጁበት ጊዜ ከዲስክና ከመሳሰሉት መሣሪያዎች እየመጡ ሥራ የሚያቋርጡ ጥሪዎችን ለአፍታ መዝጋት ይበቃል። ሌላ የሚነቃነቅ ሰው በሌለበት ቤት በር መዝጋት ነው።

ፕሮሰሰሮቹ ሲበዙ ግን በር መዝጋት አይበቃም፤ ሌላው ፕሮሰሰር ቀድሞውኑ ውስጥ ነው።

ወረፋው የማን ነው?

እዚህ ላይ ከዋናው ጉዳዬ ትንሽ ልውጣ፤ ፍለጋው ውስጥ በጣም የወደድኩት ነገር ስላለ ነው።

ቁልፍ ካለ የሚጠብቁት ሰዎች ወረፋም ይኖራል። ወረፋው የት ይቀመጥ? ማንም ሰው መጀመሪያ የሚመልሰው «ቁልፉ ላይ» ብሎ ነው፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገር ግን ዘመናዊ ከርነል ውስጥ የቁልፉ ብዛት ለጉድ ነው። እያንዳንዱ የተከፈተ ፋይል፣ እያንዳንዱ የኔትወርክ ግንኙነት የራሱ ቁልፍ አለው። በአንድ ቅጽበት ቢቆጠር ደግሞ ከእነዚህ ቁልፎች አብዛኞቹ ጠባቂ የላቸውም። ለእያንዳንዱ ባዶ ወረፋ ቦታ መያዝ ለማይመጣ እንግዳ ድንኳን መጣል ነው።

ሶላሪስ የተባለውን ስርዓተ ክወና የሠሩት መሐንዲሶች፣ ከእነሱም በኋላ ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሌላ ስርዓተ ክወና ሰዎች፣ ጥያቄውን ገለበጡት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ አንድ ትሬድም በአንድ ጊዜ ተኝቶ ሊጠብቅ የሚችለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በየትኛውም ቅጽበት የሚያስፈልጉት ወረፋዎች ከትሬዶቹ ቁጥር ፈጽሞ አይበልጡም። እንግዲያው ወረፋውን ትሬዱ ራሱ ይዞ ይዙር! ትሬድ ሲፈጠር አንድ ባዶ ወረፋ ይሰጠዋል። ቁልፍ ተይዞ ሲያገኝ፣ የመጀመሪያው ጠባቂ እሱ ከሆነ፣ የያዘውን ወረፋ ለቁልፉ ያበድራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲመጡ ወረፋው ስላለ የእነሱን ባዶ ወረፋ ጥግ ላይ አስቀምጠው ይሰለፋሉ። የነቃ ሁሉ ከጥጉ አንድ አንሥቶ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ራሱን ወረፋውን ይዞ ይሄዳል። ይዞት የሚሄደው ይዞት የመጣውን ላይሆን ይችላል። በክረምት ልቅሶ ቤት በር ላይ ጃንጥላ አስቀምጦ ሲወጣ የሌላ ሰው ጃንጥላ ይዞ የሄደ ይገባዋል፤ ማንም ሳይደበደብ ሁሉም በጃንጥላ ነው ቤቱ የሚገባው።

ቀስቃሹ ወረፋውን የሚያገኘው በአድራሻ ነው። የቁልፉ አድራሻ በቀላል ስሌት ተጨምቆ ከሣጥኖች ወደ አንዱ ይመራል፤ ለዚህ ዓይነቱ ወረፋ ፍሪቢኤስዲ 128 ሣጥኖች አሉት። ሣጥኑ የራሱ ትንሽ ቁልፍ ስላለው መመዝገብም መቀስቀስም በዚያ ቁልፍ ሥር ብቻ ይካሄዳል። የ1975ቱ ቁጥር እስከ ዛሬ አለ፤ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ነው የቀረው።

ፍሪቢኤስዲ ውስጥ ሁለት ዓይነት ወረፋ መኖሩ መጀመሪያ ትርፍ ነገር መስሎኝ ነበር። አንዱ ተርንስታይል ይባላል፣ ቶሎ ለሚለቀቁ ቁልፎች ነው። ሌላው የእንቅልፍ ወረፋ ነው፣ መቼ እንደሚመጣ ለማይታወቅ ነገር። ልዩነቱ ያለው ባለቤት ላይ ነው። ቁልፍ ባለቤት አለው፤ ማን እንደያዘው ይታወቃል። ስለዚህ አንድ ባለ ከፍተኛ ቅድሚያ ትሬድ ቁልፍ ሲጠብቅ፣ ቁልፉን የያዘው ዝቅተኛ ትሬድ ቶሎ ሠርቶ እንዲለቅ ቅድሚያውን ያበድረዋል። ዲስክ ለሚጠብቅ ግን ብድሩ ለማን ይሰጣል? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር የተባለች መንኮራኩር ይህ ብድር ተዘግቶባት ነው ኮምፒውተሯ እየደጋገመ ራሱን ያስነሣ የነበረው። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ሥራ ቁልፉን እንደያዘ መካከለኞቹ ሥራዎች ቀደሙት፣ ከላይ ያለው ደግሞ እሱን ሲጠብቅ ሰዓቱ አለፈበት። ብድሩን የሚከፍት ትእዛዝ ከምድር ተልኮ ነው የዳነችው።

መዳፍ ላይ የተጻፈ ዱቤ

ወደ እኔው ፕሮግራም ልመለስ። የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ስርዓተ ክወና ላይ ነው፤ የሚተኛውም ፉቴክስ በሚባለው መንገድ ነው። ሁበርተስ ፍራንኬ፣ ረስቲ ራስልና ማቲው ኪርክውድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት ይህ ሐሳብ ስስታም ነው፣ በጎ ስስት። ቁልፉ ፕሮግራሙ ሜሞሪ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ነው። የሚሻማበት ከሌለ ከርነሉ ስለ ቁልፉ መኖር እንኳ አይሰማም። መተኛት ሲያስፈልግ ብቻ ትሬዱ ከርነሉን ጠርቶ «እዚህ አድራሻ ላይ ዜሮ አይቻለሁ፤ አሁንም ዜሮ ከሆነ አስተኛኝ» ይላል።

«አሁንም ዜሮ ከሆነ» የምትለዋን ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ! ከርነሉ የሣጥኑን ቁልፍ ይዞ ቁጥሩን እንደገና ያነባል። ተለውጦ ካገኘው አያስተኛም፤ «ሄደህ እንደገና እይ» ብሎ ይመልሰዋል። ጀሪካኑን አስቀምጦ ቧንቧውን ደግሞ ማየት ነው፤ የእናቴ ጥያቄ ከርነሉ ውስጥ ተጽፏል። ኤስትሬስ ሲነካው የነቃበት ምክንያትም እዚህ አለ። የተኛ ትሬድ እንዲህ ለአፍታ ሲቋረጥ ከርነሉ የመተኛት ጥሪውን ከመጀመሪያው ይደግመዋል። ሲደግመው ቁጥሩን ያነባል። ፕሮግራሜ ሲነካ የነቃው ቁጥሩ ዜሮ ስላልነበረ ነው። ከመቼ ጀምሮ? ባልደረባዬ ስልኬን ከመደወሏ በፊት ጀምሮ። መልእክቱ ደርሷል፣ ቁጥሩ አንድ ሆኗል፣ ሠራተኛው ግን አጠገቡ ተኝቷል።

ያን ቀን ሳልወድ የራሴን ኮድ ከፈትሁ።

የሰው ቁልፍ አልተጠቀምሁም፤ የራሴን ጽፌያለሁ። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ወጣትነት ነው። መልእክት አቀባዩ፣ ማለትም መልእክት ተቀብሎ ለሠራተኛው የሚሰጠው ትሬድ፣ በየጊዜው ከርነሉን መጥራቱ ጊዜ ይፈጃል ብዬ አንድ ብልሃት ጨምሬ ነበር። የተኙትን የሚቆጥር ሌላ ቁጥር አስቀመጥሁ። ሠራተኛው ሊተኛ ሲል ቆጠራው ላይ አንድ ይጨምራል። አቀባዩ ምልክቱን፣ ያን ከርነሉ የሚያነበውን ቁጥር፣ አንድ ያደርግና ቆጠራውን ያያል፤ ዜሮ ከሆነ የተኛ ስለሌለ ከርነሉን አያስቸግርም። ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ብትፈትሹት እንከን የለውም። አቀባዩ ጽፎ ያያል፣ ሠራተኛው ተመዝግቦ ያያል። ሁለቱም ከማየታቸው በፊት ምልክታቸውን ትተዋል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ሌላውን ማየት አለበት።

ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ወረቀት አፍጥጬ ተመለከትሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ነው «ጽፎ ያያል» የሚለውን ማን እንዳረጋገጠልኝ ራሴን የጠየቅሁት።

ፕሮሰሰር ሲጽፍ ወዲያው ሁሉም በሚያየው ሜሞሪ ላይ አያሰፍርም። የራሱ ትንሽ ማቆያ አለው፤ እዚያ ያኖረውና ሥራውን ይቀጥላል፣ ቆይቶ ያስተላልፈዋል። ዱቤውን መጀመሪያ በመዳፉ ላይ ጭሮ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ መዝገቡ ላይ እንደሚያሰፍር ባለሱቅ ነው። እሱ ራሱ «ጽፌያለሁ» ይላል፤ መዳፉን እያየ አይዋሽም። መዝገቡን የሚገልጠው ልጁ ግን ምንም አያገኝም። የእኔ አቀባይ ምልክቱን መዳፉ ላይ ጻፈና፣ ጽሑፉ መዝገቡ ላይ ሳይደርስ ቆጠራውን አነበበ፤ ዜሮ። በዚያችው ቅጽበት ሠራተኛው ቆጠራውን አንድ አደረገ፤ ከርነሉም ምልክቱን አነበበለት፤ እሱም ዜሮ። አቀባዩ «የተኛ የለም» ብሎ ሄዶ መልስ ለመጠበቅ ተኛ። ሠራተኛውም «ሥራ የለም» ተብሎ ተኛ። ከጥቂት ናኖሰከንዶች በኋላ ምልክቱ መዝገቡ ላይ ሲሰፍር የሚያነበው ነቅቶ የቆየ ሰው አልነበረም።

ቀን ላይ የማይታየውም ለዚህ ነው። ሥራ ሲበዛ ሠራተኛው ለመተኛት ፋታ የለውም፤ ክፍተቷ የምትከፈተው ሊተኛ ሲል ብቻ ነው።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ሆነ። ከመጻፍና ከማየት መካከል «መዳፍህ ላይ ያለውን ሁሉ መዝገቡ ላይ ሳታሰፍር እንዳታነብ» የሚል ትእዛዝ ለፕሮሰሰሩ ይሰጣል። ሦስት ቀን፣ አንድ መስመር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

እፍረቴን ያቀለለልኝ ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 3.14 ሥሪት የሊኑክስ ከርነል ሰዎች ፉቴክስ ውስጥ ያስገቡት ማሻሻያ ነበር፤ ቀስቃሹ የሚጠብቅ ከሌለ የሣጥኑን ቁልፍ ሳይዝ ቆጠራውን አይቶ እንዲመለስ። የእኔው ብልሃት ማለት ነው፣ ከእኔ በሚበልጡ ሰዎች እጅ። እነሱ እንቅፋቱን አውቀው ትእዛዙን አስበውበታል፤ በአንድ መንገድ በኩል ግን ትእዛዙ ሳይሰጥ ይታለፍ ነበር። ስህተቱ የታረመው 3.18 ላይ ነው። እስከዚያው ድረስ በትክክል ተጽፈው ያለ ምክንያት የሚተኙ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው የራሳቸውን ኮድ እንደ እኔ ስንት ሌሊት አፍጥጠው እንዳዩት አስባለሁ። የእኔ ከርነል ግን ከዚያ በጣም ቆይቶ የወጣ አዲስ ሥሪት ስለነበር በእሱ ላላከክ አልቻልሁም። መጀመሪያ የፈተሽሁት ይህንን ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

ቀስቅስ

ማስተካከያውን ሰርቨሩ ላይ ከጫንሁ አምስት ወር አለፈ። ፕሮግራሙ አንድም ጊዜ አልተኛም። ባለፈው ሳምንት ባልደረባዬ የሰርቨሩን የጊዜ ሰሌዳ ስትመለከት ሳቀችና ጠራችኝ። «ቀስቅስ» እዚያው አለ። አምስት ወር ሙሉ በየ10 ደቂቃው ፕሮግራሙን ሲነካ ከርሟል።

ሁለታችንም ለጊዜው ዝም አልን። «ታዲያ የዳነው በአንተ መስመር ነው ወይስ በእኔ ስክሪፕት?» አለችኝ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ በወረቀት ላይ ላሳያት እችላለሁ፣ የፈተናው ፕሮግራም ሲሮጥ አድሮ አንድ ጊዜ አልተሰናከለም። ይህን ሁሉ ነገርኳት። «እሺ» አለችና ስክሪፕቱን እያየሁ አጠፋችው።

ያን ሌሊት ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። 6 ሰዓት ላይ ነቅቼ ሰርቨሩን አየሁ፤ ይሠራል። 8 ሰዓት ላይ አየሁ። 9 ሰዓት ላይ ማንም ሳይደውልልኝ ተነሥቼ አየሁ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች «ከቆመ ትደውልልሃለች አይደል እንዴ?» አለችኝ።